ዱካኬን ሰሃን አሳጠብኳት

ጂን የለብኝም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ታሪኩን ሳትጨርሱ "እህቴ፣ አንቺስ ቁርኣን ይቀራብሽ" የምትሉኝ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ተቀርቶብኛል። አልሀምዱሊላህ፣ ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። የእኔ በሽታ ግን ሌላ ነበር፤ ስምም ነበረው። ስሙን እስካገኘው ድረስ ያልሰጡኝ ስም አልነበረም።

ሰዓዳ እባላለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ የሐርቡ። ኩዌት ከተማ ዳር ጃብርያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። የምጽፈው እንደኔ ተኝተው ለሚታፈኑ፣ ነቅተው ደግሞ አፍረው ለሚውሉ እህቶቼ ነው። ማስፈራራት አልፈልግም፤ ማባበልም አልችልበትም። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የጀመረኝ ረመዳን ካለፈ በኋላ ነው። በረመዳን ቤተሰቡ ሌሊቱን ነቅቶ ቀን ይተኛል። እኔ ሌሊቱን አብሬያቸው እቆማለሁ፣ ቀኑን ደግሞ የሌሊቱን ስጠርግ እውላለሁ። ወሩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ልማዱ ተመለሰ፤ የእኔ እንቅልፍ ግን መንገዱ ጠፋበት። እነሱ ሁሉ ከተኙ በኋላ እተኛለሁ፣ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሳይነሱ እነሳለሁ፣ ከምሳ በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ጥቂት አሸልባለሁ። በመሃል ማዳም ስልኬ ላይ ትደውላለች። ውሃ አምጪልኝ፣ መብራቱን አጥፊልኝ፣ ትንሹ ልጅ አለቀሰ። ስልኬን ዘግቼ መተኛት አልተፈቀደልኝም።

አንድ ቀን ነቃሁና ዓይኔን ገለጥኩ። ጣሪያውን አያለሁ፤ ከክፍሌ ጎን ያለው የልብስ ማጠቢያ ሲሽከረከር እሰማለሁ። እጄን ላንሳ ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። እግሬም እንደዚያው። ያኔ በሩ ሳይከፈት አንዲት ሴት ገባች። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ፊት የላትም። ቀስ ብላ መጥታ ደረቴ ላይ ተቀመጠች። "ሰዓዳ!" ብላ ጠራችኝ፣ ልክ ማዳም እንደምትጠራኝ መጨረሻውን እየጎተተች። ቢስሚላህ ልል አፌ አልከፈት ሲለኝ በልቤ አልኩት። ስንት ታግዬ የእግሬ ጣት ሲንቀሳቀስ ሴትዮዋ ጠፋች፤ እኔም በላብ ተጠምቄ ተነሳሁ።

ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዱካክ ነው። አንዴ መጥቶ ቢሄድ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር? የእኔዋ ግን ደንበኛ ሆነች። እንቅልፍን መፍራት ጀመርኩ። ሲመሽ ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ እንጂ አልጋ ላይ አልወጣም፤ የፈጅር አዛን ሲሰማ ነው "አሁንስ ሰው ነቅቷል" ብዬ ዓይኔን የምከድነው። ቀን ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ሰበርኩ፣ የባባን ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ዲሽዳሻውን፣ በካውያ አቃጠልኩ። ባባ የምለው የማዳምን ባል ነው።

ቢጨንቀኝ ለእናቴ ደወልኩላት።

"አብሽሪ ልጄ" አለችኝ። "እሱ ብረት ይፈራል። ትራስሽ ስር ቢላ አድርጊና አያተልኩርሲ ቀርተሽ ተኚ። አንቺን የወለድኩ ጊዜ እኔስ ያለ ቢላ ተኝቼ አውቃለሁ?"

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ለአራስም ለሕፃንም ትራስ ስር ቢላ ይደረጋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። የሰላጣውን ቢላ ከመሳቢያው አንስቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ትራሴ ስር ወሸቅሁት። አገሩ ሐርቡ አለመሆኑን ነው የረሳሁት።

ማዳም አንዳንዴ ክፍሌን ትፈትሻለች። ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ስወርድ ቢላውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላዋለች።

"ሸኑ ሃዳ? ምንድነው ይሄ?"

"ለእንቅልፍ ነው፣ ማዳም።"

"ለማን እንቅልፍ?"

አሁን ስጽፈው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን የሁለታችንም ፊት አመድ መስሎ ነበር። አረብኛዬ ሰሃን ለማጠብና ልጅ ለማባበል ይበቃል፤ ብረት ዱካክን እንደሚያስፈራ ለማስረዳት ግን ከየት ይምጣ? ማዳም ልጆቿን ሰብስባ መኝታ ቤቷ ገብታ ቆለፈችና ለባባ ደወለች። ክፉ ሆና አይደለም። እኔም ቤቴ ያስገባኋት ሴት ትራስ ስር ቢላ ባገኝ እጮሃለሁ።

ፖሊስ ሳይጠራ የቀረው በባባ ነው፣ አላህ ይስጠው። ረጋ ብሎ ጠየቀኝ። ደረቴን በመዳፌ ተጭኜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ትንፋሼን ውጬ አሳየሁት።

"ያሱም ነው" አላት ለማዳም። "አያቴን ይይዛት ነበር።"

ዱካክ በእነሱ ቋንቋ ያሱም እንደሚባል ያን ቀን ተማርኩ። ማዳም ግን አልተዋጠላትም።

"ያሱም ይሁን ጂን እኔ አላውቅም። ትታከም። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ካልተሻላት ወደ መክተብ እመልሳታለሁ። ማጅኑና ከልጆቼ ጋር አላሳድርም።"

መክተብ እኛን የሚያስቀጥረው ቢሮ ነው። ማጅኑና እብድ ማለት ነው። አሠሪሽ ስትመልስሽ የመክተቡ ሰው "ምን ሆነች?" ብሎ ይጠይቃል። ሰነፍ ናት ካለች ሌላ ቤት ይፈለግልሻል። እብድ ናት ካለች ግን ሌላ ቤት የለም፤ በቀጥታ ወደ አገር ነው።

ወደ አገር መመለስ ሞት አይደለም፤ አገሬ ነው። ነገር ግን ከአረብ አገር አብደው መጡ የተባሉ ሴቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ያለቅስላቸዋል። ቀጥሎ ልጁን ከቤታቸው ይከለክላል። እኔ ሀያት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ እናቴ ጋ ሆና ትማራለች። "የእብዷ ልጅ" ተብላ እንድታድግ አልፈልግም ነበር። ሥራው ቢቀር ይቅር፣ እብድ ተብዬ ግን ከዚህ አገር አልወጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሕክምናው የተጀመረው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። የሴቶቹ መጠበቂያ ክፍል ከውጭው ሙቀት ሲገቡበት አጥንት ያቀዘቅዛል። ከጎኔ አንዲት የስሪላንካ ሴት ጉንጯን ይዛ ታቃስታለች፤ ማዳሟ በስልክ ስለ መጋረጃ ታወራለች። ታማሚዋ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ከረሜላ ሰጠችኝ። እሷ በጥርሷ ምክንያት ልትበላው አትችልም። ቋንቋ የለን፣ ተሳሳቅን። ያን ከረሜላ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሐኪሙ ዓይኑን ከማዳም ላይ አላነሳም።

"ምኗን ነው የሚያማት?"

"ደረቷ ላይ ይከብዳታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል" አለች ማዳም።

በማዳመጫው ጀርባዬን ሰማና አስም ነው አለ። ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ከመተኛቴ በፊት ነፋሁት። ዱካኬ እንደ ልማዷ መጥታ ተቀመጠች። ይልቅ መቀመጫው ሳይሰፋላት አልቀረም።

ቀጥሎ ሻርቅ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች ባንዱ ላይ ያለ የግል ክሊኒክ ሄድን። ደም ተቀዳሁ። ደም አንሷታል ተባለና የብረት ክኒን ታዘዘልኝ። ይህን ለዘይነባ ነገርኳት። ዘይነባ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ አሕመዲ በሚባለው ከተማ የአንድ መሐንዲስ ቤት ትሠራለች። በአካል የምንገናኘው ለዒድ ከተፈቀደልን ነው፤ በድምፅ መልእክት ግን ሳናወራ አንውልም።

"ብረቱ ከትራስሽ ስር ወደ ሆድሽ ገባ በይኛ!" ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ክኒኑ ሆዴን አደረቀው እንጂ እንቅልፌን አላመጣውም። ማዳም ደግሞ በሆነ ባልሆነው "ላንቺ ስንት አወጣሁ" ማለት ጀመረች። ሰሃን ስሰብር ስለ ሰሃኑ ሳይሆን ስለ ክሊኒኩ ነው የምትቆጣኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድሜ ከአገር ደወለ። "ድግምት ነው የተደረገብሽ፣ ሰው አፈላልጌልሻለሁ" አለ። ሰውየው ያገራችን ልጅ ነው፤ እዚሁ ኩዌት፣ ራይ በሚባለው ሰፈር የቤት ዕቃ መጋዘን ይጠብቃል፣ አርብ አርብ ለታመመ ሰው ይቀራል። ለሳምንት እረፍት ወጥቼ አላውቅም፤ ለዚህ ሲሆን ግን ማዳም ደስ ብሏት ፈቀደች።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ፕላስቲካቸው ካልተቀደደ ሶፋዎች መሃል፣ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጠን ጠበቅን። ሲቀራ ድምፁ ያምራል። አለቀስኩ፤ ልቤ አረፈ። እዚያው ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር።

"ስምህ ማነው? ከየት መጣህ?" አለ ድንገት ድምፁን አወፍሮ።

"ሰዓዳ፣ ከሐርቡ።"

"አንቺን አይደለም! ያለብሽን ነው የምጠይቀው!"

"ከኔ በቀር ማንም የለም።"

"ተንኮለኛ ነው፤ ባንቺ አፍ ይመልሳል" አለና ከሶፋው ጀርባ የውሃ ጎማ አነሳ።

እኔም ተነሳሁ። "ሸኽ፣ ስለ ቁርኣኑ አላህ ይስጥልኝ። በዚያ ጎማ ከነኩኝ ግን ጩኸቴን ራይ በሙሉ ይሰማዋል።" ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ተከትላኝ ወጣች፤ አንዷ ቀረች። የቀረችው ዛሬም ታሳዝነኛለች። እህቶቼ፣ ቁርኣን አስቀሩ፣ ዱዓ አስደርጉ፤ ዱላ ግን አትቀበሉ። ዱላ መድኃኒት የሚሆነው በሽታ እኔ አላጋጠመኝም።

ወንድሜ "አዋረድሽኝ" ብሎ ስልኬን ማንሳት ተወ። እናቴ በሁለታችን መሃል ተንገላታች።

ዕድሌ የዞረው ማዳም አብራኝ መሄድ ሲሰለቻት ነው። የቤቱ ሾፌር ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥሎኝ ሄደ፤ የሚነፋው መድኃኒት አልቆ ነበር። የዚያን ዕለት ተረኛዋ ሐኪም ሱዳናዊት ናት። ወረቀቴን አገላበጠችና አስቀመጠችው።

"አንቺ ንገሪኝ" አለችኝ። "ምን ይሰማሻል?"

ከታመምኩ ጀምሮ እኔን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሐኪም ናት። በተሰባበረ አረብኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሴትዮዋን፣ አባያዋን፣ ስሜን አጠራሯን። ቢላውን ሳይቀር። አልሳቀችም። ስንተኛ ሕልማችንን በእጅ በእግራችን እንዳንሠራው አእምሮ ሰውነታችንን ያስረዋል አለችኝ። እንቅልፉ የሚቆራረጥበት ሰው ላይ አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ይቆያል። ዓይን ክፍት ነው፣ ሰውነት እንደታሰረ ነው፣ ሕልሙም ገና አላለቀም።

"ሴትዮዋ ያላለቀች ሕልም ናት" አለች። "የእንቅልፍ ሽባነት ይባላል። አይገድልሽም። እብደትም አይደለም።"

"እብደት አይደለም?"

"አይደለም።"

ደግማ እስክትለው አልተነሳሁም።

"መድኃኒቱስ ዶክተር?"

"ሳይቆራረጥ መተኛት።"

"እሱን የትኛው ፋርማሲ ነው የሚሸጠው?"

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ አዘነ። ትንሽ አሰብ አድርጋ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ሕልም ውስጥ ሆነው ሕልም መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ይህን በልምምድ መማር ይቻላል። "ቀን ቀን ራስሽን ጠይቂ፤ ነቅቻለሁ ወይስ ተኝቻለሁ? እጅሽን እዪና መርምሪ። ከለመድሽው ጥያቄው ተከትሎሽ ሕልም ውስጥ ይገባል። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ደግሞ ያየሽውን ሳትረሺ ለሰው ንገሪ። ያኔ ስትመጣ ትፈሪያት ወይ ትስቂባት፣ ምርጫው ያንቺ ነው።"

ቤት ስገባ ማሰብ ጀመርኩ። ልጅ፣ ድስት፣ ካውያ፣ ስልክ በሚያዋክበኝ ቀን "ነቅቻለሁ ወይ?" ማለትን እንዴት ላስታውስ? መጀመሪያ ላይ ማታ ትራስ ስነካ ነበር ትዝ የሚለኝ። በኋላ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ልሰግድ ስታጠብ፣ ውዱእ ሳደርግ፣ እጄን አየሁት። ለካ በቀን አምስት ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ዝም ብዬ እጄን የማይበት ጊዜ አለኝ! ለዘይነባ ነገርኳት።

"ኢባዳሽን ጨዋታ እንዳታደርጊው" አለችኝ ኮስተር ብላ።

"ውዱኡን ከጨረስኩ በኋላ ነው የምጠይቀው፣ ውሃው እጄ ላይ እስኪደርቅ።"

"ጉድ እኮ ነሽ! ሰው እንቅልፍ አጥቶ ይቸገራል፣ አንቺ ተኝተሽ መንቃት ትማሪያለሽ።"

እሷ ሕልም ሰሚዬ ሆነች። ዓይኔን ስገልጥ፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ያየሁትን በድምፅ እልክላታለሁ። መጀመሪያ የምልከው "ምንም አላየሁም" ነበር። እያደር ቁርጥራጭ መጣ። "የማዳም ሶፋ ላይ ቀይ በግ ተቀምጦ ዜና ያያል" አልኳት አንድ ቀን። "እሱማ ባባ ነው" አለች። ከእያንዳንዱ ውዱእ በኋላ ጣቶቼን አያለሁ፣ እርጥበቱን አሸታለሁ፣ "ሰዓዳ፣ ነቅተሻል ወይ?" እላለሁ። ማዳም አንዴ እጄ ላይ ሳፈጥ አይታኝ "ምን ሆንሽ?" አለች። ቆዳዬ ደርቆ ነው አልኳት። ቅባት ሰጠችኝ። እንዲህ ዓይነት ደግነትም ነበራት፤ አልክድም።

ከምሳ በኋላ ባለችው እንቅልፍ ነው ነገሩ የተሳካው። መታጠቢያ ቤት ቆሜ ውዱእ አደርጋለሁ። ውሃው ይንቧቧል፣ እጄ ግን ደረቅ ነው። ጣቶቼን አየሁ፤ በዝተዋል፣ አንዳንዶቹ ረዝመዋል። "ሰዓዳ፣ ተኝተሻል እኮ!" አልኩ። ግድግዳው ሁሉ በራ። የሰቆቹ መስመር አንድ በአንድ ይታየኛል፤ ነቅቼ እንኳ እንደዚያ ጥርት ብሎ አይታየኝም። ደስ ሲለኝ እልል ልል አፌን ስከፍት ነቃሁ።

የጀማሪ ስህተት ይህ ነው። ያወቃችሁ ዕለት አትጩሁ። ረጋ በሉ፣ ሕልሙ ውስጥ መዳፋችሁን አፋትጉ፤ ሕልሙ ይቆይላችኋል።

ከዚያ እሷ መጣች። በሩን ሳትከፍት ገባች፣ ደረቴ ላይ ተቀመጠች። እጄ ስለታሰረ ላየው አልቻልኩም፤ ጥያቄው ግን እጅ ሳያስፈልገው ራሱ መጣ። "ያላለቅሽ ሕልም ነሽ" አልኳት በልቤ። መታገሉን ተውኩት። በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ክብደቱ እንደ ጨው ሟሟ፤ እኔም ሕልሜ ውስጥ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የማዳም ኩሽና ውስጥ ነን። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ቆማለች።

"ሰዓዳ!"

"አቤት ማለት ሰልችቶኛል። ያ ሁሉ ሰሃን ለማን ነው የተቆለለው? በይ እጅጌሽን ሰብስቢ።"

ወላሂ ሰበሰበች። ወደ ገንዳው ዞረችና ታጥብ ጀመር። እኔ ሳሎን ሄጄ የማዳም ሶፋ ላይ እግሬን ሰቅዬ ተቀመጥኩና "የድስቱን ቂጥ ደህና አድርገሽ ፈትጊ!" ብዬ ጮህኩባት። ስነቃ እየሳቅሁ ነበር። ከታመምኩ ወዲህ እንባዬ በሳቅ የመጣው ያን ቀን ነው።

"ደመወዝ ታስቢላታለሽ?" አለችኝ ዘይነባ።

"ካልሠራች ወደ መክተብ እመልሳታለሁ።"

ከዚያ በኋላ ጨርሶ ተፈወስኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ጥያቄው ያልመጣበት ቀን ነበር፤ ያን ቀን አሳምራ ተጫነችኝ። ነገር ግን መፍራቱ ቀረ። ፍርሃቱ ሲቀር አልጋዬ ላይ መውጣት ጀመርኩ፣ አልጋዬ ላይ ስወጣ እንቅልፌ ረዘመ፣ እንቅልፌ ሲረዝም እሷም ሥራ ፈታች። እጄ መንቀጥቀጡን ተወ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ማዳምም መክተብ የሚለውን ቃል ረስታው ነበር።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስትመጣ ገና ከአባያዋ ስለማውቃት፣ ጥያቄውን መጠየቁን ትቼ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት "ሰዓዳ! ሰዓዳ!" ስትል አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት አጠገቤ ቆማለች፤ መስኮቱ ከጀርባዋ ስለሆነ ፊቷ አይታይም። መጣች ደግሞ አልኩ። ሳልነሳ፣ ትራሴን አቅፌ፣ በሕልሜ በለመድኩት አረብኛ ቀጠልኩላት።

"አልነሳም። ሻይ ከፈለግሽ ራስሽ አፍዪ። ቀን ሰዓዳ፣ ሌሊት ሰዓዳ፣ ስሜን አስጠላሽኝ! እኔ ሰው ነኝ፤ ሰው ይተኛል። በይ ሂጂ፣ ሰሃን እጠቢ!"

እጅጌዋን አልሰበሰበችም። ሽቶ ሸተተኝ። ዱካኬ ሽቶ ተቀብታ አታውቅም። ቀስ ብዬ እጄን አየሁ፤ ጣቶቼ ልክ ናቸው። ማዳም ለቅሶ ደርሳ ከእንግዶች ጋር መመለሷ ነበር፤ ስልኬ ሲጮህ አልሰማሁትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዞራ ወጣች። ተነስቼ ለእንግዶቹ ሻይ አቀረብኩ፤ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማዳምና ባባ ሳሎን ጠሩኝ። ማዳም አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ድምፅዋን አለስልሳ ነበር የምታወራው።

"ሰዓዳ፣ ያን ሁሉ የተናገርሽው አንቺ አይደለሽም፤ በሽታሽ ነው፣ አይደል? 'ያሱም ነው ያናገረኝ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም' በይኝ፣ ይቅር እልሻለሁ። ባባ ደህና ሸኽ ያውቃል፣ እናሳይሻለን።"

መውጫው ተከፈተልኝ። "አይዋ ማዳም" ብል ሥራዬ ይቀጥላል። ግን ከዚያ ወዲያ ደከመኝ ብል በሽታው ነው፤ አይሆንም ብል በሽታው ነው። የሰለቸኋት ቀን ደግሞ መክተቡ ፊት "ራሷ አምናለች፣ እብድ ናት" ትላለች። ሀያት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

"አይደለም፣ ማዳም" አልኩ። "ስጀምር ሕልም መስሎኝ ነበር፤ ስለ ሰሃኑ ይቅርታ፣ እሱን ላንቺ አላልኩም። የቀረውን ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ነቅቼ እደግመዋለሁ። ሰው ነኝ፣ ሰው ይተኛል። ከምሳ በኋላም፣ ማታም፣ ስልክ ሳይጮህብኝ መተኛት እፈልጋለሁ። ያሳመመኝ እሱ ነው፤ ሐኪሟም ያዘዘችልኝ መድኃኒት ይኸው ነው።"

ባባ ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

"አውቀሽ ነው ማለት ነው የሰደብሽኝ?" አለች ማዳም።

"አልሰደብኩሽም። እተኛለሁ ነው ያልኩት።"

"ዕቃሽን ሰብስቢ።"

ጠዋት ወደ መክተብ ወሰደችኝ። ሻንጣዬን እግሮቼ መሃል ይዤ፣ ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር ግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች ባንዱ ተቀመጥኩ። የመክተቡ ሰው እኔንና ሻንጣዬን አየ፣ ወደ ማዳም ዞረ።

"ምን ሆነች? ያ በስልክ የነገርሽኝ የቢላው ነገር ነው? ታማለች እንዴ?"

አጠገቤ ያለችው ሴት ወንበሯን ከእኔ ፈቀቅ አደረገች። ማዳም መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እኔም አየኋት። አንገቴን አልደፋሁም። የምትለው አንድ ቃል እኔ ሳልደርስ ሐርቡ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ብትለው የሚያስቆማት ማንም አልነበረም።

"ላ" አለች። "ጤነኛ ናት። ከኔም ካንተም ትሻላለች። ምላሷ ነው የረዘመው።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተናዳ ይሁን ፈርዳልኝ ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ እንደዚህ የሚያኮራ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ሰውየው ሳቀና ሌላ ቤት እስኪገኝልኝ እዚያው እንድጠብቅ ነገረኝ። ስልኬን ዘጋሁ፣ ሻንጣዬን ተንተራስኩ፣ በጠራራ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ለጥ ብዬ ተኛሁ።